የዓለም ዋንጫ ስታዲየሞች የተፈጥሮ ሣር ስላነጠፉ የከተማችን ሜዳም ይከተላቸው?

ጥያቄ፦ «በአንዲት ደጋማ የዞን ከተማ የስታዲየም ግንባታ ኮሚቴ አባል ነኝ። ሜዳው ምን ይነጠፍበት በሚለው ላይ ለሁለት ተከፍለናል። ገሚሶቻችን ሰው ሠራሽ ሣር እንዲገባ እንፈልጋለን፤ ጥገና አይፈልግም፣ አሜሪካኖቹም በትልልቅ ስታዲየሞቻቸው የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሌሎቹ ደግሞ ፊፋ ለ2026 የዓለም ዋንጫ ያንኑ ሣር አስነሥቶ የተፈጥሮ ሣር ስላስነጠፈ ሰው ሠራሽ ሣር ተከልክሏል፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽኑ ካፍም አይቀበለንም ይላሉ። ተቋራጩ በበኩሉ የተፈጥሮ ሣር ከተፈለገ ተጠቅልሎ መጥቶ በሳምንት ውስጥ ለጨዋታ እንደሚደርስ ነግሮናል። ትክክሉ የማን ነው?»

ሁለቱም ወገኖች ስለ ትልልቆቹ ስታዲየሞች የጠቀሱት ነገር እውነት ነው፤ ከእሱ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ሁለቱንም አሳስቷቸዋል። ለ2026 የዓለም ዋንጫ በአሜሪካ፣ በሜክሲኮና በካናዳ ከተመረጡት 16 ስታዲየሞች ስምንቱ፣ ማለትም የአትላንታ፣ የቦስተን፣ የዳላስ፣ የሂውስተን፣ የሎስ አንጀለስ፣ የኒውዮርክ ኒውጀርሲ፣ የሲያትልና የቫንኩቨር ስታዲየሞች፣ በዘወትር ሥራቸው ሰው ሠራሽ ሣር የሚጠቀሙ ናቸው፤ ለዚህ ውድድር ግን የተፈጥሮ ሣር እንዲያነጥፉ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። (በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ይህ የአንድ ውድድር ደንብ እንጂ የእግር ኳስ ሕግ አይደለም። የጨዋታው ሕግ ሰው ሠራሽ ሜዳን ይፈቅዳል፤ ቀለሙ አረንጓዴ እንዲሆን ግን ያዛል። ፊፋም ለሰው ሠራሽ ሣር የራሱ የጥራት መመዘኛና የምስክር ወረቀት አለው፤ በአፍሪካም የማጣሪያ ጨዋታዎች በእንዲህ ዓይነት ሜዳ ሲካሄዱ ኖረዋል። የ2015 የሴቶች የዓለም ዋንጫ በካናዳ በስድስቱም ስታዲየሞች የተካሄደው በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነበር። አሜሪካዊቷን አጥቂ አቢ ዋምባክን ጨምሮ በርካታ ታዋቂ ተጫዋቾች ወንዶች በማይጫወቱበት ሜዳ ሴቶች እንዲጫወቱ መደረጋቸው አድልዎ ነው ብለው በ2014 በኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ችሎት አቤቱታ አቅርበው ነበር። ውድድሩ ከመጀመሩ ከጥቂት ወራት በፊት አቤቱታቸውን ቢያነሡም፣ የ2019 እና የ2023 ውድድሮች በተፈጥሮ ሣር ላይ ተካሂደዋል። የ2015ቱ የፍጻሜ ጨዋታ የተደረገበት የቫንኩቨሩ ቢሲ ፕሌስ ራሱ አሁን የተፈጥሮ ሣር እንዲያነጥፉ ከታዘዙት ስምንቱ አንዱ ነው።

አሜሪካኖቹ ሰው ሠራሽ ሣር የመረጡት ለእግር ኳስ ይበልጣል ብለው እንዳልሆነም ሊታወቅ ይገባል። የፍጻሜው ጨዋታ የተመደበለት የኒውጀርሲው ሜትላይፍ ስታዲየም ጃያንትስና ጄትስ የተባሉ ሁለት የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች የሚጋሩት ሜዳ ነው፤ በመካከሉም የሙዚቃ ድግስና ሌላ ዝግጅት ያስተናግዳል። የዳላስ፣ የሂውስተንና የአትላንታ ስታዲየሞች ጣራቸው ሊዘጋ የሚችል ነው፤ ጣራው ቢከፈት እንኳ ከፍ ያለው ግድግዳና የጣራው ጠርዝ የሚጥሉት ጥላ ሣሩ የሚያስፈልገውን ብርሃን ይከለክለዋል። ባለቤቶቹ የሚፈልጉት ዓመቱን ሙሉ ሥራ የማይፈታ ወለል ነው። ሜዳዎቹ የተሠሩትም ለሌላ ስፖርት ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ስፋቱ 49 ሜትር ገደማ ሲሆን የዓለም ዋንጫው ሜዳ 105 በ68 ሜትር መሆን ስላለበት፣ ሜትላይፍ ማዕዘኖቹን ለማስፋት 1,740 መቀመጫዎችን እስከ ማንሣት ደርሷል። ስለዚህ «አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው» የሚለው መከራከሪያ እርስዎ የሌለዎትን ችግር መፍትሔ መዋስ ነው። የከተማዎ ስታዲየም ጣራ የለውም፤ ፀሐይም አላጣም።

«ጥገና አይፈልግም» የሚለው ደግሞ ሻጮች የሚያሠራጩት፣ ብዙ ከተማ የከሰረበት ስሕተት ነው። ሰው ሠራሽ ሣር በየጊዜው መቦረሽ አለበት፤ በክሮቹ መካከል የሚበተነው የጎማ ፍርፋሪ ከታኬታ ጋር እየወጣ ስለሚያልቅ በተለይ በግብ ክልልና በፍጹም ቅጣት ምት ቦታ መሞላት አለበት፤ አቧራና ቅጠል ካልተጠረገለት ውኃ ማሳለፊያው ይደፈናል። በደንብ ተይዞ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ተነሥቶ አዲስ መግዛት ግድ ነው፤ ዕቃውም የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከፍተኛው የፊፋ የጥራት ምስክር ወረቀት የሚጸናው ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚፈልግ ባለ ሜዳ በየዓመቱ ፈታሽ አስመጥቶ ማስመርመር ይኖርበታል። ሙቀቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ የሰው ሠራሽ ሣር ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፣ የተፈጥሮ ሣር ግን ውኃ ስለሚያተን ራሱን ያቀዘቅዛል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው ደንብ ለዚህ ሣር የሚሸጠውን የጎማና የፕላስቲክ ፍርፋሪ ከስምንት ዓመት የሽግግር ጊዜ በኋላ ከገበያ እንዲወጣ ወስኗል፤ ዛሬ የሚገዙት ሜዳ ዕድሜው ሳያልቅ መሙያው ከአውሮፓ ገበያ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ሣር ተጠቅልሎ መጥቶ በሳምንት ውስጥ ለጨዋታ ይደርሳል ያለው ተቋራጭ፣ ተጠቅልሎ መምጣቱን በተመለከተ አልዋሸም። በሳምንት ውስጥ መድረሱን በተመለከተ ግን በ2024 የኮፓ አሜሪካ መክፈቻ የሆነውን ማየት ይበቃል። በአትላንታ አርጀንቲና ካናዳን 2 ለ 0 ባሸነፈችበት ጨዋታ ሜዳው በሰው ሠራሹ ሣር ላይ የተነጠፈ፣ ከተነጠፈም ገና ጥቂት ቀናት ያስቆጠረ የተፈጥሮ ሣር ነበር። የንጣፎቹ መጋጠሚያ በዓይን ይለይ ነበር፤ አሸናፊዎቹ ራሳቸው፣ አሠልጣኙ ሊዮኔል ስካሎኒና ግብ ጠባቂው ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ፣ ስለ ሜዳው በምሬት ተናግረዋል። ሣር ከእርሻው ሲቆረጥ አብዛኛው ሥሩ እዚያው ይቀራል። አዲሱ ቦታ ላይ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ እስኪይዝ ድረስ ንጣፉን የሚያጸናው የራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ በሩጫ ላይ ድንገት ዞር ሲል ከታኬታው ሥር ይንሸራተታል፣ ኳሷም መጋጠሚያ ላይ ስትደርስ ትዘላለች።

ነገሩ በአግባቡ ሲሠራ ምን እንደሚመስል የታየው ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1994 የዓለም ዋንጫ በሚሺጋን የሚገኘው ጣራ ለበስ ስታዲየም፣ ፖንቲያክ ሲልቨርዶም፣ አራት ጨዋታዎች ነበሩበት። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሣር ተመራማሪዎች ባለ ስድስት ማዕዘን ትልልቅ የብረት ገበታዎች አሠርተው አፈርና ሣር ሞሉባቸው፤ ሣሩን ከስታዲየሙ ውጭ በፀሐይ ላይ አቆይተው ሥር ካስያዙት በኋላ ገበታዎቹን አስገብተው ገጣጠሟቸው። ጁን 18 ቀን አሜሪካና ስዊዘርላንድ 1 ለ 1 የተለያዩበት፣ በዓለም ዋንጫ ታሪክ በጣራ ሥር የተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ፣ የተካሄደው በዚያ ሜዳ ላይ ነው። ለ2026 ፊፋ ያሠማራውም ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመራው የዓመታት ምርምር ነው። ሣሩ በእርሻው የሚበቅለው በፕላስቲክ ላይ በተደለደለ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ሥሩ ወደ ታች የሚገባበት ስለሌለው በአሸዋው ውስጥ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ ሲነሣም ሳይቆረጥ ከነሥሩ ይጠቀለላል። በስታዲየሙ ውኃ የሚያፋስስ መሠረት ይጠብቀዋል፤ ጥላ ባለበት ደግሞ ሣር ማብቀያ መብራቶች ይበሩለታል። የሣሩም ዓይነት እንደ ቦታው ይለያያል፤ ጣራ ለበስ በሆኑት አነስተኛ ብርሃን የሚችል የቀዝቃዛ አገር ሣር፣ ሞቃታማና ገላጣ በሆኑት ደግሞ ሙቀት የሚወድ ሣር ይመረጣል። ይህ ሁሉ ዝግጅት የተፈጥሮ ሣር በሳምንት ውስጥ እንደማይደርስ ምስክር ነው። ተቋራጩ በውሉ ላይ «በአንድ ሳምንት» ብሎ ከጻፈ አይፈርሙ።

የተፈጥሮ ሣር ደጋፊዎችም የሚዘነጉት ነገር አለ። በኖቬምበር 2018 በሜክሲኮ ሲቲው አዝቴካ ስታዲየም በካንሳስ ሲቲ ቺፍስና በሎስ አንጀለስ ራምስ መካከል ሊደረግ የነበረ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ፣ ቀኑ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሯል። የ1970ን እና የ1986ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች ያስተናገደው ይህ ሜዳ፣ የከበደው የዝናብ ወቅት የኳስ ጨዋታና የሙዚቃ ድግስ ከተደራረበበት ፕሮግራም ጋር ተዳምሮ ሣሩን ነቃቅሎት ነበር። የተፈጥሮ ሣር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ዕረፍት ካልሰጡት ይሞታል። ይህ በሀብታምም በድሃም አገር አይለወጥም።

ስለዚህ ኮሚቴዎ መከራከር የሚገባው ፊፋ ምን አደረገ በሚለው ሳይሆን ሜዳው በሳምንት ስንት ሰዓት ይረገጣል በሚለው ላይ ነው። በ2026 ከሁሉም በላይ ጨዋታ የተመደበለት የዳላስ ስታዲየም ያስተናግዳል የተባለው ዘጠኝ ጨዋታ ነው። እነዚያ ዘጠኝ ጨዋታዎች በአንድ ወር ውስጥ የተከፋፈሉ ሲሆኑ፣ ጭማሪ ሰዓትና ማሟሟቂያ ሳይቆጠር በድምሩ 13 ሰዓት ተኩል ናቸው። አሁን ወደ ራስዎ ከተማ ይመለሱ። ጠዋት የታዳጊዎች ልምምድ፣ ቀን የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ ከሰዓት በኋላ የክለቡ ልምምድ፣ ቅዳሜና እሑድ የሊግ ጨዋታ፣ በበዓል ሰልፍና ባዛር ይኖራል። ይህ ሜዳ የዳላሱን የአንድ ወር ጫና በሦስት ቀን ውስጥ ይሸከማል። በእኔ ልምድ በአሸዋ መሠረት ላይ የተተከለና በደንብ የተያዘ የተፈጥሮ ሣር በሳምንት ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያህል ጨዋታ ይችላል። በተራ አፈር ላይ ያለው ከዚያም ያነሰ ነው። ሰው ሠራሽ ሣር ግን በሳምንት 40 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢረገጥ አይሞትም፤ ብልጫውም ይህ ነው።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው፦ በስታዲየሙ የተፈጥሮ ሣር ይትከሉ፤ ልምምድና የትምህርት ቤት ውድድር የሚካሄድበት ሁለተኛ ሜዳ ግን በዚያው በጀት ውስጥ አብሮ ይያዝ። ሁለተኛው ሜዳ በመጀመሪያ የተደለደለ የአፈር ሜዳ ቢሆን ነውር የለውም፤ ገንዘብ ሲገኝ ሰው ሠራሽ ሣር ሊነጠፍበት የሚገባውም እሱ ነው። ለሁለተኛ ሜዳ ቦታ ከሌለ ወይም በበጋ የሚበቃ ውኃ ከሌለ፣ የተፈጥሮ ሣር ተክላችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ አቧራ ከምታደርጉት ሰው ሠራሹን ማስገባት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለመለወጫው በየዓመቱ ገንዘብ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ውኃውን በቁጥር ያስቡት። ሜዳው ከነዳር ዳሩ 8,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢያስፈልገው 40,000 ሊትር ይሆናል። ይህም 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ አራት ምልልስ ነው። ከከተማው የመጠጥ ውኃ መስመር ላይ ይህን ያህል መቅዳት ከነዋሪው ጋር ያጣላል፤ ስለዚህ የራሱ ጉድጓድና ማጠራቀሚያ የሌለው ስታዲየም የተፈጥሮ ሣር ባያስብ ይሻላል።

የሣሩን ዓይነት በተመለከተ ከውጭ ዘር ለማስመጣት አይቸኩሉ። በማያሚና በካንሳስ ሲቲ ስታዲየሞች የሚታየው ሣር እኛ ሰርዶ የምንለው ሣር ዝርያ ነው። ለስፖርት ሜዳ በዓለም የታወቁት የሰርዶ ዓይነቶች አብዛኞቹ ተራውን ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር በማዳቀል የተገኙ ሲሆኑ፣ በ1960 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ከምትገኘው ከቲፍተን የወጣው ቲፍዌይ የተባለው ዓይነት እስከ ዛሬ በሰፊው ይተከላል። ሰርዶ ግን ሙቀት ይወዳል፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዕድገቱ ይገታል፣ የተጎዳ ቦታውን ቶሎ አይሞላም። ከተማዎ ቆላ ወይም ዝቅ ያለ ወይና ደጋ ቢሆን ያለ ማመንታት ሰርዶ እል ነበር። ደጋማ ናት ስላሉኝ፣ በተለይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከሆነች፣ ኪኩዩ ሣርን እመርጣለሁ። ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ በእኛም ደጋ በየመስኩ ይበቅላል፤ ደቡብ አፍሪካውያን በትልልቅ የራግቢና የእግር ኳስ ሜዳዎቻቸው ይጠቀሙበታል። ጠንካራ ነው፣ ሲጎዳም ቶሎ ያገግማል። ጥፋቱ እድገቱ ነው፤ በወቅቱ ካልታጨደ እንደ ፍራሽ ይወፍርና ኳስ አያስኬድም። በክረምት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በማሽን ወደ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደርጎ መታጨድ አለበት። በየከተማው እንደሚደረገው ወር ጠብቆ በማጭድ ማስጨድ ሣሩን ጉጥ በጉጥ ያደርገዋል፤ አንድ ጊዜ በብዛት ስለሚቆረጥም ቢጫ ግንዱ ይቀራል።

ከሣሩ ይልቅ ግን ገንዘቡ መዋል ያለበት ከሥሩ ባለው ላይ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከኮሚቴዎ አንድም ሰው ወደ ኋላ እንዳይል እለምናለሁ። የደጋ ከተሞቻችን ብዙዎቹ በዋልካ አፈር ላይ ናቸው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውኃም አያሳልፍም። ቀይ አፈር የተሻለ ቢሆንም በታኬታ እየተረገጠ ይጠቀጠቅና በሐምሌና በነሐሴ ኩሬ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር ዋልካውን ቆርጦ ማውጣት፣ የተደለደለው መሠረት ላይ የውኃ ማፋሰሻ ቱቦ መዘርጋት፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የታጠበ ጠጠር፣ ከዚያም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ማልበስ ነው። አሸዋው ለቤት ግንባታ ከሚመጣው መለየት አለበት። ከእያንዳንዱ መኪና ላይ አንድ እፍኝ ይውሰዱና ጥርት ያለ ጠርሙስ እስከ ሢሶው ይሙሉበት፤ ውኃ ጨምረው በደንብ ንጠው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት አሸዋው ከታች ዘቅጦ ከላዩ የደቃቅ ጭቃ ሽፋን ይታያል። ሽፋኑ ከአሸዋው ጋር ሲነጻጸር ክር ያህል ቀጭን ካልሆነ ያንን መኪና ይመልሱት። ጭቃው በሁለት ክረምት ውስጥ ወደ ታች ወርዶ ጠጠሩን ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ሜዳውን እንደገና ከመቆፈር በቀር ሌላ መድኃኒት የለውም።

ስለ ካፍም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው ሊያደርጋቸው የሚገባውን ጨዋታዎች ለዓመታት በባዕድ አገር ሲያደርግ የኖረው በሣር ምክንያት ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪዎቹ የመልበሻ ክፍሉን፣ ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ መቀመጫ መኖሩን፣ የፓውዛውን ብርሃን፣ የሕክምናና የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍሉን፣ የጋዜጠኞችን ሥፍራ፣ የመግቢያና የመውጫ በሮቹን ሁሉ ያያሉ። ሣሩን ብቻ አሳምራችሁ ፈቃድ እናገኛለን ብላችሁ ለሕዝቡ ቃል አትግቡ።

በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አራት ነገር ይግባ። የአሸዋው ናሙና ከመጫኑ በፊት በላቦራቶሪ ተመርምሮ ይጽደቅ። ተከላው በሚያዝያ ተጀምሮ ከባዱ የሐምሌ ዝናብ ሳይመጣ ሣሩ መሬቱን እንዲሸፍን ይደረግ፤ እስከ መስከረም አጋማሽም አንድም ጨዋታ አይካሄድበት። ተቋራጩ ከርክክብ በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ሜዳውን እየተንከባከበ የከተማውን ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኞች በሥራው ላይ ያሠልጥን፤ የክፍያው የመጨረሻ ድርሻም እስከዚያው ይያዝ። ማጨጃ ማሽኑ ከነመለዋወጫው በዚሁ ውል ውስጥ ይገዛ። ከከተማው አስተዳደር ጋር ደግሞ በሳምንት የሚፈቀደውን የጨዋታ ሰዓት፣ በሣሩ ላይ ሰልፍ፣ ባዛርና መድረክ እንደማይኖርም በግልጽ የሚያስቀምጥ ሰነድ ተከላው ከመጀመሩ በፊት ይፈራረሙ፤ ሜዳው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ የሚጠይቀው ስለሚበዛ ያን ጊዜ እምቢ ማለት ያስቸግራል።